የማን ደንበኛ ነን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

  

አባቶቻችን «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ሲሉ የተረቱት ስለ ተራበ ሰው አይደለም። ገበታ ቀርቦለት፣ ብላ ተብሎ ሳለ፣ እጁ ስለ ለመደ ብቻ ከቀረበለት ላይ ስለሚሰርቅ ሰው ነው። እኔም በዚህች ጽሑፍ ስለ ሌላ ሰው እጅ ሳይሆን ስለ ራሴ እጅ ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ስለ ክፉ ልማድ ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል፤ እኛም ሰምተን «እውነት ነው» ብለን ወጥተናል። ነገር ግን ልማድ የሚኖረው በስብከት አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ከቤታችን አጠገብ ባለች ሱቅ ባንኮኒ ላይ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ወደዚያው አብረን እንድንሄድ እጋብዛችኋለሁ።

1. ሳልናገር የሚያውቀኝ እጅ

የምንኖርባትን ከሚሴን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት በመካከሏ ያልፋል፤ የጨፋ ሜዳና የቦርከና ወንዝም ጎረቤቶቿ ናቸው። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ነው፤ በመንገዷ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀባበሉ ይሰማሉ። ትልልቁን ሸመታ በገበያ ቀን እናደርገዋለን፤ ሰኞ ወደ ባቲ፣ እሑድ ወደ ሰንበቴ የሚሄድም አለ። የዕለት የዕለቱን ግን፣ ጨውና ክብሪቱን፣ ሳሙናና ስኳሩን፣ የምንወስደው ከሰፈር ሱቅ ነው። ገንዘብ ሲኖር በእጅ፣ ሳይኖር በዱቤ።

ከቤታችን ሦስት በር አለፍ ብላ አንዲት ሱቅ አለች። ባለቤቷ አረጋዊ ሙስሊም ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ደንበኛቸው ነኝ። በመጀመሪያ የእናቴን መልእክት ይዤ እሄድ ነበር። በ17 ዓመቴ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መሄድ ጀመርኩ፤ ጉዳዩም ሲጋራ ነበር። ያን ጊዜ ግራና ቀኝ አይቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አንድ ፍሬ ብቻ እገዛ ነበር። ሐጂም ፊታቸውን አጨፍግገው ይሰጡኝ ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን እኔም ማፈሬን፣ እርሳቸውም ማጨፍገጋቸውን ተውን። ከሱቋ ደጅ ገና ስደርስ፣ አፌን ሳልከፍት፣ እጃቸው ወደ ፓኮው ይሄድ ጀመር።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እስቲ «ደንበኛ» የሚለውን ቃል እናስተውለው። ከ«ደንብ» የወጣ ቃል ነው። ደንበኛ ማለት ደንቡ የታወቀ፣ ምን እንደሚፈልግ የማይጠየቅ ሰው ማለት ነው። ይህ ለጨውና ለሳሙና ሲሆን መልካም ነው፤ ጉርብትናን ያጸናል፣ በቸገረ ቀን በዱቤ ያስወስዳል። ለክፉ ነገር ሲሆን ግን ከባድ እስራት ነው። የሚጠየቅ ሰው «አይ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ» ሊል ይችላል፤ የማይጠየቅ ሰው ግን «አይ» የሚልበትን በር አጥቷል። ክፉ ልማድ ማለትም ይኸው ነው፤ ሳይጠየቅ የሚቀርብ፣ ሳይታሰብ የሚወሰድ ነገር። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 6፥12) የሚፈራው የነገሩን መፈቀድ ወይም መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ ነገሩ በእርሱ ላይ ጌታ እንዳይሆንበት ነው። በእኔ ላይ አንዲት ቀጭን ወረቀት ጌታ ሆና ነበር።

2. ሆዴ ሲጾም እጄ አልጾመም

ምናልባት «ይህ ልጅ ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ነበር» ትሉ ይሆናል። አልነበርኩም። እሑድ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ከመካከላችሁ እቆም ነበር። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተከልክያለሁ። ነገር ግን ከቅዳሴ ወጥቼ ገና ከቤቴ ሳልደርስ በሱቋ በኩል አልፍ ነበር። ሆዴ ይጾማል፤ እጄና ሳንባዬ ግን አይጾሙም። በየዓመቱም «ከፋሲካ በኋላ እተዋለሁ»፣ «ከጥምቀት በኋላ እተዋለሁ» እያልኩ ለንስሐዬ ቀጠሮ እሰጥ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ እኛም ቤታችንን ዘግተን ከገጠር ዘመዶቻችን ዘንድ ተጠጋን። ሱቋም ተዘጋች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሲጋራ ማግኘት ስላልተቻለ ሳምንታት ያለ ጭስ አለፉ። እኔም በልቤ «እነሆ፣ ተውኩት» አልኩ። ሰላም ሆኖ ወደ ቤታችን ስንመለስ ሐጂ ሱቃቸውን ከፍተው አቧራውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። በሕይወት በመገናኘታችን ተቃቅፈን አለቀስን። ከእንባው በኋላ ግን የእርሳቸው እጅ ወደ መደርደሪያው፣ የእኔም እጅ ወደ ፊት ተዘረጋ። አንድም ቃል አልተናገርንም። ሱቋ ተዘግታ የነበረችው ከውጭ ብቻ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። በልቤ ውስጥ ያለችው ሱቅ አንድ ቀን እንኳ አልተዘጋችም።

3. 21 ጭረት

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾማችንና የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳን በአንድ ወቅት መዋላቸውን ታስታውሳላችሁ። እኔ ያን ጊዜ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ስለ ነበር ሐጂ በዱቤ ይሰጡኛል፤ ወሩ ሲያልቅ እከፍላለሁ። በደብተራቸው ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጭረት ያደርጋሉ።

ቅዳሜ መጋቢት 30፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ደመወዜን ይዤ ሒሳቤን ልዘጋ ሄድኩ። እኔ በቀን 5 አጨሳለሁ፤ በ30 ቀን 150 መሆን አለበት። ደብተሩ ግን 171 ጭረት ይላል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ያው ነው። ሱቋ ውስጥ ስኳርና ቴምር ለማፍጠሪያ የሚገዙ ሰዎች ነበሩ። እኔም በሰዎቹ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ሐጂ፣ እርስዎ ጾመኛ ሰው ነዎት። በጾም ወር ድኃ ላይ ይጨምራሉ?» አልኳቸው።

ሱቋ ጸጥ አለች። ሐጂ ዓይኔን አይተው ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉና «21ዱን ተወው ልጄ፤ የ150ውን ብቻ ክፈል» አሉኝ። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ከፈልኩ። ሰዎቹ ሲወጡ ግን በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው በዝቅታ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ በሰው ፊት ልናገረው አልወደድኩም። ታናሽ ወንድምህ 'ወንድሜ ልኮኝ ነው' እያለ ይመጣ ነበር። አንተ የምትልከው ጊዜ ስላለ አመንኩት። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ለልጅ እጅ መስጠት አልነበረብኝም።»

ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። እውነት ነው፤ ሲደክመኝ እርሱን እልከው ነበር። «ሐጂን የተለመደውን በል፤ ያውቁታል» እለው ነበር። «የተለመደውን» ስል ልማዴን ለልጁ በእጁ አስይዤ እየላክሁት እንደ ነበር አላሰብኩም። እርሱም የኔን አምስት አድርሶ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንዲት ፍሬ በስሜ ለራሱ ይወስድ ነበር። እኔ 21 ጭረት ስርቆት መስሎኝ በሽማግሌው ላይ ጮኽኩ፤ ሌባው ግን የኔ ልማድ ነበር፤ የሰረቀውም ወንድሜን ነው።

በአገራችን ስለ ትንባሆ ሕግ ሳይወጣ ቀርቶ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትንባሆን በጽኑ ከልክለው እንደ ነበር ታሪክ ያስታውሳል። በዘመናችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥም እንዳይጨስ ያዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም መካከል ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጭስ የሳቡ ይገኛሉ። ሕጉ መልካም ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። ነገር ግን ሕጉ በሱቁ በር ላይ ሲቆም እኔ ልጁን በጓሮ በር አስገባሁት። ትልቅ ወንድሙ የላከውን ልጅ የትኛው አዋጅ ያድነዋል? ጌታችን ከእነዚህ ከታናናሾች አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረውን (ማቴ. 18፥6) በዚያች ሌሊት ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወንድሜን ልቆጣው አስቤ ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን የምናገረው አጣሁ። ከአፌ የሚወጣው ሽታ ቀድሞኝ ይናገር ነበርና።

4. ለሚያቀርብልህ ንገር

በማግሥቱ ሆሣዕና ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የዘንባባ ቀለበት በጣቴ እንዳደረግሁ ወደ ንስሐ አባቴ ቀርቤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አባም ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ነገርከው፤ እርሱስ ቀድሞም ያውቅ ነበር። ለኔም ነገርከኝ። ሲጋራውን ለሚሰጥህ ሰው ግን ነግረሃል?»

«አልነገርኩም አባ» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ገና ደንበኛው ነህ። ሂድና ደንበኝነትህን አፍርስ። ሰውየውን በሰው ፊት ሰድበሃልና ይቅርታውንም በሰው ፊት ጠይቅ።»

ይህ ቃል ከስግደቱ ሁሉ ከበደኝ። ስግደት በጨለማ ይሰገዳል፤ ባንኮኒ ፊት መቆም ግን በብርሃን ነው። ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ስገልጥ ግን ምክሩ አዲስ እንዳልሆነ አየሁ። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን በወጣትነቱ በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ በልቡ ቈረጠ (ዳን. 1)። በልቡ ቈርጦ ግን ዝም አላለም። መብሉን ወደሚያቀርበው ሹም ሄዶ በግልጥ ነገረው፤ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጠው ለመነው፤ 10 ቀን ብቻ እንዲፈትነውም ጠየቀ። እንግዲህ ሦስት ነገር እናያለን። በመጀመሪያ በልቡ ወሰነ። ቀጥሎ ለሚያቀርብለት ሰው ተናገረ። በመጨረሻም ለፈተናው ቀን ቈረጠለት። እኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ አድርገን ሁለቱን እንተዋለን። ስለዚህም በማግሥቱ የተለመደው ሳህን እንደ ተለመደው ሲቀርብልን እንበላለን።

ወደ ማታ ለማፍጠር ጥቂት ሲቀር ወደ ሱቋ ሄድኩ። ሰዎች ነበሩ። ሐጂ ሲያዩኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ፓኮው ተነሣ፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው መንገድ ላይ ቆመ። እኔም፣

«ሐጂ፣ ትናንት በእነዚህ ሰዎች ፊት አዋርጄዎታለሁ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የ21ዱን ሒሳብ ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ ለኔም ለወንድሜም ሲጋራ አይስጡን፤ እኔ ብለምንዎትም እንኳ አይስጡኝ» አልኳቸው።

ሐጂ ገንዘቡን ተቀብለው ደብተሩን አወጡ፤ በስሜ ሥር ያለውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ መሥመር ሰረዙት። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«አብሽር ልጄ። እኔም በጉልምስናዬ አጫሽ ነበርኩ። አንድ ረመዳን ላይ 'ከንጋት እስከ መግሪብ የምተወውን ነገር አልችለውም ብዬ እንዴት እዋሻለሁ?' ብዬ ተውኩት። አንተም ከወተት 55 ቀን የምትታገሥ ሰው ነህ፤ ትችላለህ። ሱቄን ግን አትሽሽ። ሳሙና ልትወስድ ና፤ ሰላም ልትለኝ ና።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህችን የመጨረሻይቱን ቃል ልብ በሉልኝ። ክፉ ልማድን መተው ጎረቤትን መተው አይደለም። ሐዋርያው ማቴዎስ ከመቅረጫው ባንኮኒ ተነሥቶ ጌታን በተከተለ ጊዜ (ማቴ. 9) የቀድሞ ባልንጀሮቹን አልጠላም፤ በቤቱ ጠርቶ ከጌታ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀመጣቸው። የተወው መቅረጡን ነው እንጂ ሰዎቹን አይደለም።

5. የሥጋ ቤት ውሻ

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለኔ ክብር ይሆን ነበር። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ሰሙነ ሕማማትን በብዙ ጭንቀት አለፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር። የሕክምና ሰዎች እንደሚያስረዱት ኒኮቲን የተባለው የትንባሆ መርዝ ከሳንባ ተነሥቶ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ዘንድ ይደርሳል፤ ሲቋረጥም ጭንቀቱ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ይበረታል፤ ከዚያ በ2 እስከ 4 ሳምንት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ፋሲካ ሲደርስ ብርቱው ማዕበል አልፎልኝ ነበር። ፋሲካንም በደስታ ዋልኩ።

በማግሥቱ ሰኞ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ እንግዳ ልሸኝ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ፤ ሥራ የለ፣ ሰው የለ። እዚያ ስሜን የማያውቅ ሱቅ ነበር። ወደዚያ የሄድኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ የማስታውሰው በእጄ ላይ የበራውን ነው። በዚያ ሰዓት ሥጋዬ አልጮኸም ነበር፤ ባዶነቴ ነው የወሰደኝ።

አባቶች ስለ ቅዱስ ሙሴ ጸሊም የሚተርኩልንን ያን ጊዜ አስታወስኩ። ይህ ኢትዮጵያዊ የሚባለው ቅዱስ ቀድሞ የሽፍቶች አለቃ ነበር፤ ኋላም በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ መነኰሰ። በዓሉንም ሰኔ 24 እናከብራለን። በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጳላድዮስ እንደሚተርከው፣ ሙሴ ከመነኰሰ በኋላ የቀድሞው ልማዱ እየተነሣ ባስቸገረው ጊዜ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ አለቀሰ። አባ ኤስድሮስም የሥጋ ቤት ውሻን ምሳሌ አድርጎ አጽናናው። ውሻ አጥንት መጋጥ ከለመደበት ሥጋ ቤት ዞር አይልም፤ ቤቱ ቢዘጋና ማንም የሚጥልለት ባይኖር ግን ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል፤ አንተም እንዲሁ ብትጸና ልማድህ ተስፋ ቈርጦ ይተውሃል አለው።

እኛ በከሚሴ የሥጋ ቤት ውሻን እናውቀዋለን። አንዱ ቤት ቢዘጋበት ወዲያው አይሄድም፤ በሌላው ቤት ደጅ ሄዶ ይቆማል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የሐጂን በር ዘግቼ የመናኸሪያውን ከፈትኩ። ጌታችንም ርኩስ መንፈስ ወጥቶ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎ፣ አጊጦ፣ ነገር ግን ባዶ ሆኖ ስለሚያገኘው ሰው የተናገረው (ማቴ. 12፥43-45) ለእንደኔ ያለው ነው። መጥረግ ብቻ አይበቃም፤ ቤቱ ሰው ሊኖርበት ይገባል።

ታዲያ ቅዱስ ሙሴ ምን አደረገ? ያው ጸሐፊ እንደሚነግረን፣ በውጊያው ሌሊት ከበኣቱ እየወጣ የአረጋውያን መነኰሳትን እንስራ ይሰበስብ፣ ከሩቅ ውኃ እየቀዳ ሳያውቁበት በየደጃቸው ያስቀምጥላቸው ነበር። እጁ ለመስረቅ ለምዶ ነበርና ያንኑ እጅ ለአገልግሎት አስለመደው። ልማድን የሚያስወጣ ልማድ ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ሚያዝያ 13 ቀን፣ ኢድ አልፈጥር ነበር። እንደ አገራችን ወግ እንኳን አደረስዎ ልል ከሐጂ ቤት ሄድኩ፤ ውድቀቴንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን በጣታቸው ቈጠሩና፣

«በዘጠኝ ቀን አንድ? ድሮ እኮ 45 ነበር» አሉኝ።

ለንስሐ አባቴም ነገርኩ። እርሳቸውም ቀኑን እንደ ገና ከአንድ እንድጀምር፣ ማታ ማታም ወደ ሱቋ የምሄድበትን ሰዓት ለአገልግሎት እንድሰጠው አዘዙኝ። በሰፈራችን ልጅ የሌላቸው ሁለት አረጋውያን እናቶች አሉ፤ አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም ናቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ ጀሪካናቸውን ውኃ እሞላለሁ፤ የሚያስፈልጋቸውንም ከሐጂ ሱቅ አመላልሳለሁ። ወንድሜን ይዤው እሄዳለሁ። ክብሪት እንኳ እገዛለሁ፤ ለእናቶቹ ምድጃ ነው።

6. ለእናንተ የምለው

የእናንተ ልማድ ሲጋራ ላይሆን ይችላል። አንዱ ጫት ለምዶ፣ ከበርጫው ወደ ሲጋራ፣ ከሲጋራው ወደ ጨብሲ መጠጥ እየተጎተተ ይሆናል፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ መምጣቱን የገባበት ያውቀዋል። ሌላው የጠላና የአረቄ ቤት፣ ሌላዋ የሐሜት ደንበኛ ይሆናሉ። በስልክ ውርርድ ደመወዙን የሚጨርስም አለ። የሱቁ ዓይነት ይለያያል፤ የደንበኝነቱ አሠራር ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከወደቀና ከተነሣ ወንድማችሁ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ተቀበሉ።

አንደኛ፣ ልማድህን በስሙ ጥራው። «የተለመደውን ስጠኝ» እያልን የምንሸፍነው ነገር በስሙ ሲጠራ ያሳፍራል፤ እፍረቱም የመድኃኒት መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ከንስሐ አባትህ ቀጥሎ ለሚያቀርብልህ ሰው ንገር። ለባለ ሱቁ፣ አብሮህ ለሚቅመው፣ ለሚጋብዝህ ጓደኛ። በልብህ ብቻ ያለ ውሳኔ ምስክር የለውም።

ሦስተኛ፣ ዕዳህን ክፈል። የገንዘብ ዕዳ ብቻ አይደለም፤ በልማድህ ምክንያት የሰደብከው፣ የዋሸኸው፣ ያሳትከው ሰው ካለ ዕዳ አለብህ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ (ሉቃ. 19) ደስታውን ያሳየው የበደለውን አራት እጥፍ በመመለስ ነው።

አራተኛ፣ ባዶውን ሰዓት ሙላው። ወደ ክፉው የምትሄድባት ሰዓት የትኛዋ እንደ ሆነች አንተ ታውቃለህ። ለዚያች ሰዓት ሥራ ፈልግላት፤ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ንባብ፣ የሰው እንስራ።

አምስተኛ፣ ብትወድቅ ተነሥተህ ቁጠር። ሰይጣን ከውድቀቱ ይልቅ «ከወደቅሁ አይቀር» የምትለውን ቃል ይወዳታል። አንዲት ፍሬ 45 አይደለችም።

ስድስተኛ፣ ታናናሾችህን አትላክ። ታላላቆች የሆንን ሁሉ እንወቅ፤ ልጅ የምንለውን ሳይሆን የምንልከውን ይማራል።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ወንድሜ ትጠይቁኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጨሰም ብዬ አልምልላችሁም፤ ልቡን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን በኔ ስም የሚገዛው የለም፤ ከእኔም ዘንድ ሽታውን አያገኝም። ባለፈው እሑድ ከእናንተ ጋር ነጠላውን አጣፍቶ ለመዝሙር ሲቆም አይቼዋለሁ።

እኔም አሁን ወደ ሱቋ ስሄድ የሐጂ እጅ ቀድሞኝ ይነሣል፤ የሚሄደው ግን ወደ ሳሙናውና ወደ ጨው ከረጢቱ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ሳልጠይቃቸው አንድ እሽግ ሻማ ባንኮኒው ላይ አኖሩልኝ። «ነገ እሑድ አይደለም? ለቤተ ክርስቲያን ትፈልገው የለ?» አሉኝ። ደንበኝነቴ አልፈረሰም፤ ተለወጠ እንጂ።

እንግዲህ ሁላችን ዛሬ ወደ ቤታችን ስንሄድ ራሳችንን እንጠይቅ። ከደጁ ገና ስንደርስ፣ አፋችንን ሳንከፍት፣ የሰዎች እጅ ለኛ ወደ ምን ይነሣል? የማን ደንበኛ ነን? የቅዱስ ሙሴን እጅ ከዝርፊያ ወደ እንስራ ያዞረ አምላክ የእኛንም እጅ ወደ በጎ ሥራ ያዙርልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።